የአግድም መስመር ትዝታ

በኮኦርዲኔት ጠለል ላይ ከሚሣሉ መስመሮች ሁሉ በትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ የሚሰጠው አግድሙ መስመር ነው። እኩልዮሹ አጭር ነው፤ ዋይ = 3 ተብሎ ይጻፋል። ማስመሪያ አንድ ጊዜ ይጋደማል፣ እርሳስ ከግራ ወደ ቀኝ ይሳባል፣ ሥራውም ያልቃል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ ገጽ በላይ ቦታ አያገኝም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ዘንበል ያሉ መስመሮችና ፓራቦላዎች ገጹን ይሻሙታል። ሆኖም ከተማሪነት ከተላቀቀ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ያረጀ ባለ ካሬ ወረቀት ከመሳቢያ ውስጥ ሲያገኝ፣ ወረቀቱ ከነሽታው ይመጣል፤ የተቀረጸ እርሳስ፣ የላጲስ ፍርፋሪ፣ ከሰሌዳ የረገፈ የጠመኔ ብናኝ። በገጹ መካከል ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርሳሱ ተጫን ተደርጎ የተሠመረ፣ ወዲያም ወዲህም የማይል አንድ መስመር ይታያል።

መስመሩ ከመሠመሩ በፊት ጠለሉ ይዘጋጃል። የቀደመው ክፍለ ጊዜ ጽሑፍ በዳስተር ይጠፋል፤ ብናኙ ከፊት በተቀመጡት ተማሪዎች ላይና በመምህሩ ነጭ ጋዋን ላይ ይሰፍራል። ትልቁ የእንጨት ማስመሪያ ለአንድ ሰው እጅ ስለሚረዝም ከፊት ወንበር አንድ ተማሪ ተነሥቶ ጫፉን ይይዛል። መጀመሪያ ኤክስ አክሲስ ይጋደማል፣ ቀጥሎ ዋይ አክሲስ ሽቅብ ይቆማል፤ ሁለቱ በቀጥተኛ ማዕዘን ይቋረጣሉ። መቋረጫቸው ላይ ዜሮ ይጻፋል። ከዜሮው በስተቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ በስተግራ -1፣ -2፣ -3፤ ወደ ላይ አዎንታዊ፣ ወደ ታች አሉታዊ ቁጥሮች በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። በዘንጎቹ ጫፎች ላይ ቀስት ይደረጋል፤ ቀስቱ ሰሌዳው ቢያልቅም ዘንጉ እንደማያልቅ ምልክት ነው።

ባለ ካሬ ወረቀት በሁሉም እጅ አይገኝም ነበር። ብዙው ተማሪ የሚሠራው በጀርባው የማባዛት ሠንጠረዥ በታተመበት ተራ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ አግድም መስመሮች አሉት፤ የጎደሉት ሽቅቦቹ ናቸው። ተማሪው እነዚያን በማስመሪያ ጠርዝ በእኩል ርቀት እያወረደ ገጹን ካሬ በካሬ ያደርገዋል። ስለዚህ ዋይ = 3 የሚለው ግራፍ ሲታዘዝ መስመሩ ከማተሚያ ቤት ተሠምሮ መጥቷል ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው የትኛው እንደሆነ መለየትና በእርሳስ ማድመቅ ነው። የዚህ ዓይነቱ ደብተር ጉድለቱ በአግድም መስመሮቹ መካከል ያለው ርቀትና በእጅ የወረዱት ሽቅቦች ርቀት አለመመሳሰሉ ነበር፤ ካሬ መሆን የነበረበት ሳጥን ይረዝማል ወይም ይሰፋል። ለዘንባላ መስመር ይህ ችግር ያመጣል፤ ቁልቁለቱ ለዓይን ከእውነቱ የተለየ ይመስላል። አግድሙን መስመር ግን አይነካውም። የዘንጎቹ መለኪያ ቢለያይም እሱ አግድም ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ሠንጠረዥ ነው። በላይኛው ረድፍ የኤክስ ዋጋዎች ይጻፋሉ፤ -2፣ -1፣ 0፣ 1፣ 2። በታችኛው ረድፍ የዋይ ዋጋዎች ይሞላሉ። ዋይ = 2ኤክስ + 1 ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ኤክስ በቦታው ገብቶ ይሰላ ነበር። በዋይ = 3 ውስጥ ግን ኤክስ የለም። ክፍሉ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው። የሚተካበት ቦታ የሌለውን ቁጥር ምን ያደርጉታል? መልሱ ታችኛውን ረድፍ በሙሉ 3 ብሎ መሙላት ነው፤ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3። እኩልዮሹ ሲዘረዘር ዋይ = 0 × ኤክስ + 3 ይሆናል፤ ኤክስ ምንም ቢሆን በዜሮ ሲባዛ ይጠፋል፣ 3 ብቻ ይተርፋል። ነጥቦቹም (-2፣ 3)፣ (-1፣ 3)፣ (0፣ 3)፣ (1፣ 3)፣ (2፣ 3) ናቸው። በጠለሉ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥና ሳያንስ ከኤክስ አክሲስ በላይ በ3 ካሬ ከፍታ ይሰለፋሉ።

በዚህ ትምህርት የሚሠራው ስሕተት ከዓመት ዓመት፣ ከክፍል ክፍል አንድ ዓይነት ነው፤ ዋይ = 3 ሲባል መስመሩን ሽቅብ ማቆም። ምክንያቱ አይከብድም። ዋይ አክሲስ ራሱ የቆመ ስለሆነ በስሙ የተጠራው እኩልዮሽም የቆመ መስመር ይመስላል። ኤክስ = 3 ተብሎ ሲታዘዝ ደግሞ በተመሳሳይ ምክንያት ይጋደማል። ስሕተቱን የሚያርመው ደንብ መሸምደድ አይደለም፤ ከመስመሩ ላይ ሁለት ነጥቦችን አንሥቶ ማየት ነው። በቆመው መስመር ላይ (3፣ 1) እና (3፣ 5) ይገኛሉ፤ በእነዚህ ነጥቦች ዋይ አንድ ጊዜ 1፣ ሌላ ጊዜ 5 ሆኗል። ዋይ ሁልጊዜ 3 ይሁን የሚለውን ትእዛዝ የሚጠብቀው የተጋደመው ብቻ ነው። እኩልዮሹ የሚናገረው መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ አይደለም፤ በመስመሩ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ምን መጠበቅ እንዳለበት ነው።

ከዚያ ስሎፕ ይሰላል። ስሎፕ የዋይ ለውጥ ለኤክስ ለውጥ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። (1፣ 3) እና (5፣ 3) ቢወሰዱ የዋይ ለውጥ 3 - 3 = 0፣ የኤክስ ለውጥ 5 - 1 = 4፣ ውጤቱም 0 ÷ 4 = 0 ይሆናል። በሜዳ ላይ የሚጓዝ ሰው ዳገትም ቁልቁለትም ሳያገኘው መንገዱ እንደሚገፋለት፣ በአግድም መስመር ላይም ኤክስ ይገፋል፣ ከፍታው ግን ባለበት ነው። በቆመው መስመር ላይ ደግሞ ስሌቱ 4 ÷ 0 ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ስሎፑ አይበየንም። በፈተና ወረቀት ላይ «ስሎፕ የለውም» እና «ስሎፑ ዜሮ ነው» የሚሉት ሁለት መልሶች ተደበላልቀው ይገኙ ነበር። ዜሮ ቁጥር ነው፤ አግድሙ መስመር ስሎፕ አለው፣ ስሎፑም ዜሮ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ያልፋል። ዋይ = ሲ የሚል እኩልዮሽ ያለው መስመር፣ ሲ ማንኛውም ቋሚ ቁጥር ሲሆን፣ ዋይ አክሲስን በ(0፣ ሲ) ላይ በቀጥተኛ ማዕዘን ያቋርጣል። ሲ ከዜሮ ከበለጠ መስመሩ ከኤክስ አክሲስ በላይ፣ ካነሰ በታች ይውላል። ሲ ዜሮ ሲሆን መስመሩ ኤክስ አክሲስ ራሱ ነው፤ የኤክስ አክሲስ እኩልዮሽ ዋይ = 0 መሆኑ ለብዙ ተማሪ የሚገርም ነገር ነበር። አግድም መስመሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው። አንድ አግድም መስመር እንደ ፈንክሽን ሲታይ ማንኛውንም ኤክስ ይቀበላል፣ የሚመልሰው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

የጠለሉ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነገር የሚጀመረው በፈረንሳዊው ረኔ ዴካርት ነበር፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ በጣሪያው ላይ የምትሄድ ዝንብ ሲመለከት ሐሳቡ መጣለት የሚለው ተረት ክፍሉን ፈገግ ያሰኛል። ዴካርት ስለ ጂኦሜትሪ የጻፈውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው፤ በዚያው ዘመን ፒየር ደ ፌርማም ለብቻው ተመሳሳይ ዘዴ ደርሶበት ነበር። ሁለቱም ግን ዛሬ በሰሌዳ ላይ የሚሣለውን፣ በአራት የተከፈለና አሉታዊ ቁጥሮች ያሉበትን ጠለል አልተጠቀሙም፤ እሱ ቀስ በቀስ በተከታዮቻቸው እጅ ተሟላ። አግድሙ መስመር ግን ከሁለቱም ይቀድማል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም ጊዜን በተጋደመ መስመር፣ ፍጥነትን ከዚያ ላይ ሽቅብ በሚቆሙ መስመሮች መሰለ። ፍጥነቱ የማይለወጥ እንቅስቃሴ ሲሆን የቆሙት መስመሮች ቁመታቸው እኩል ይሆናል፤ ጫፎቻቸው ሲያያዙ አግድም መስመር ይወጣል፣ ምስሉም አራት ማዕዘን ይሆናል። የአራት ማዕዘኑ ስፋትም የተጓዘውን ርቀት ይወክላል። ባለ ካሬ ወረቀት ወደ ተማሪ እጅ የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው፤ አየርላንዳዊው መሐንዲስ ጆን ፔሪን የመሳሰሉ ሰዎች ሒሳብ በመለካትና በመሣል ይማር ብለው ከተከራከሩ በኋላ።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መስመሩ የሚሣልበት መንገድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ብዙ ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለወሰነ፣ በአማርኛ የተማረው ልጅ ይህንኑ መስመር ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ በሌላ ቋንቋ እንደገና ያገኘዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ከሚሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ክፍሉን ለስክሪኑ ይለቅ ነበር። በፕላዝማው ላይ መስመሩ ጠመኔ ሳይጮኽ፣ ማስመሪያ ሳይንሸራተት፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ጊዜ ይዘረጋ ነበር። ተማሪው ሠንጠረዡን ሞልቶ ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፍ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። ዛሬ በስልክ ላይ ጂኦጀብራ ወይም ዴስሞስ የተባለ የግራፍ መተግበሪያ የከፈተ ልጅ ዋይ = 3 ብሎ እንደጻፈ መስመሩ ተሥሎ ያገኘዋል። 3ን ወደ -3 ቢቀይረው መስመሩ ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል።

ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ መስመር አይቶ ማወዳደር በእርሳስ ዘመን የማይታሰብ ነበር። የቀረውም ነገር አለ። በእርሳስ የሚሣለው መስመር ነጥብ በነጥብ ይገነባል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሲቀመጥ «ኤክስ ተለወጠ፣ ዋይ አልተለወጠም» የሚለው ነገር በእጅ ይደገማል። የማይለወጥ ከፍታ ያለ ምንም እንቅስቃሴ የተገኘ ነገር ሳይሆን፣ ከሥሩ አንድ ነገር እየተጓዘ ሳለ የጸና መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ድግግሞሽ ነው። አግድም መስመር የሚያሳየው የአንድ መጠን ጽናትን ነው፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ምንም አልሆነም አይልም።

የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይህንን በውሃ ያሳይ ነበር። በእሳት ላይ የተጣደ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ይገባል፣ በየደቂቃው ሙቀቱ ይመዘገባል፣ ጊዜው በኤክስ አክሲስ፣ ሙቀቱ በዋይ አክሲስ ይቀመጣል። ግራፉ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ውሃው መፍላት ሲጀምር ግን ይጋደማል። እሳቱ አልጠፋም፣ ሙቀትም መስጠቱን አላቆመም፤ ኃይሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ስለሚውል ቴርሞሜትሩ ከፍ አይልም። በመጽሐፉ ላይ ይህ መስመር በ100 ዲግሪ ላይ ተሥሏል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የተሠራ ሙከራ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፤ ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዥም ጊዜ የሚወስዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱም መስመሮች ስሎፓቸው ዜሮ ነው፤ የሚለያቸው የተጋደሙበት ከፍታ ነው።

ከክፍል ውጭ ብዙ ሰው የኖረበት አግድም መስመር ደግሞ የብር የምንዛሪ ግራፍ ላይ ይገኛል። ኤክስ አክሲስ ዓመተ ምሕረት፣ ዋይ አክሲስ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘርበት ብር ይሁን። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ መስመሩ በ2.48 ገደማ ይጀምራል፤ በ1956 ዓ.ም. ወደ 2.50 ከፍ ይላል፤ በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. ወደ 2.30 ይወርዳል፤ በየካቲት 1965 ዓ.ም. 2.07 ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አይነቃነቅም። (1967፣ 2.07)፣ (1970፣ 2.07)፣ (1977፣ 2.07)፣ (1984፣ 2.07) ነጥቦች ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው። ከ1967 እስከ 1984 ያለው ስሎፕ 0 ÷ 17 ነው።

በዚያ መስመር ሥር ያለፈው ግን ብዙ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፣ ንጉሡም በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከዙፋን ወረዱ፤ መሬትና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ቀይ ሽብር አለፈ፤ በ1969 ዓ.ም. የገንዘቡ ኖቶች ተለወጡ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ወሎንና ትግራይን ጨረሰ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። መስመሩ በአንዱም አልተንቀጠቀጠም፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ያቆመው ገበያ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነበር። በዚያ ዋጋ ዶላር ማግኘት የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ዶላር ከዚያ በጣም በላቀ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳርና ለሳሙና የሚቆመው ሰልፍም በዚህ ግራፍ ላይ አይታይም። ያንን ዘመን የኖረ ሰው ዛሬ ስለ «ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም» ሲያወራ ቁጥሩ ትክክል ነው። ቁጥሩን ይዞ የዚያን ዘመን ኑሮ በሙሉ እንደዚያው የጸና አድርጎ ማስታወስ ግን ግራፉ የማይለውን ማስባል ነው። ሰልፉና ጥቁር ገበያው የራሳቸው ዋይ ያላቸው ሌሎች ግራፎች ናቸው።

በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5.00 ተለወጠ። እዚህ ላይ በግራፍ አሣሣል የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ሁለቱ ከፍታዎች በቆመ መስመር ይያያዛሉ ወይ? አይያያዙም። ቢያያዙ በአንዲት ቀን ዶላሩ በ2.07ም፣ በ3ም፣ በ4ም፣ በ5ም ተመነዘረ ማለት ይሆናል፤ ፈንክሽን ደግሞ ለአንድ ኤክስ ከአንድ ዋይ በላይ አይሰጥም። ስለዚህ የታችኛው መስመር በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ባዶ ክብ፣ የላይኛው በሚጀምርበት ላይ የተሞላ ክብ ይደረጋል፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ይተዋል። ከዚያ ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ጨረታ መጣ፣ ግራፉም ወደ ላይ መንፏቀቅ ጀመረ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ በኩል ያለው የግራፉ ክፍል እንደ 2.07 ያለ ለሃያ ዓመት የተጋደመ መስመር የለውም።

በደብተር ላይ ያለው ዋይ = 3 በሁለቱም ጫፉ ቀስት አለው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያልቅም። በኑሮ ውስጥ ያሉ አግድም መስመሮች ግን ሁሉም ቁራጮች ናቸው። የሚፈላው ውሃ ተንኖ ሲያልቅ መስመሩም ያበቃል፤ የምንዛሪው መስመር በየካቲት 1965 ዓ.ም. ተጀምሮ በመስከረም 1985 ዓ.ም. ያበቃል። ትዝታ እንዲህ ያለውን ቁራጭ ሲሥል ብዙ ጊዜ በስሕተት ቀስት ያደርግበታል፤ ያ ዘመን ሁልጊዜ የነበረና ሳይቋረጥ ይኖር የነበረ ይመስለዋል። በትክክል ለመሣል ሦስት ነገር ይበቃል። መጀመሪያ ቋሚው ቁጥር በዋይ አክሲስ ላይ ይፈለጋል። ቀጥሎ በዚያ ከፍታ ከኤክስ አክሲስ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ይሠመራል። በመጨረሻ ኤክስ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ከእኩልዮሹ ጎን ይጻፍና ጫፎቹ በክብ ይዘጋሉ። ኤክስ ወሰን የሌለው ሲሆን ብቻ ቀስት ይደረጋል።